የመሣሪያ እጦት ለመጥፎ ሥራ ይቅርታ ያሰጣልን?



ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የጋራዥ ጥያቄ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን የሁላችንም ነው። ሙሉ መሣሪያ የሌለውና የጎደለውን በእጁ ቀጥቅጦ የሚተካ ሰው ሥራው ቢበላሽ ይጠየቃልን? ወይስ «ምን ላድርግ፣ መሣሪያ የለኝም» የሚለው ቃል ነፃ ያወጣዋል? ነገሩን በደፈናው ከማውራት አንድ ዕቃ ይዘን ብንመረምረው ይሻላል። ዕቃው የአሮጌ መኪና ሾክ አብዞርበር ነው።

ብዙ ሰው የመኪናን ክብደት የሚሸከመው ሾክ አብዞርበር ይመስለዋል። አይደለም፤ የሚሸከመው ባሌስትራው ወይም ሞላው ነው። ሞላ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ሲመቱት መልሶ ይመታል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ይጨመቃል፣ ይዘረጋል፣ ደግሞ ይጨመቃል፤ የሚያስቆመው ካላገኘ መኪናው እንደ ጀልባ ሲዋልል ይሄዳል። የሾክ አብዞርበሩ ሥራ ይህን ማብረድ ነው። በውስጡ ያለውን ዘይት ፒስቶኑ በጠባብ ቀዳዳና በቫልቭ በኩል በግድ ያሳልፈዋል፤ የእንቅስቃሴውም ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። ዘይቱ ከፈሰሰ ወይም ቫልቩ ካለቀ ጎማው ከመሬት እየተላቀቀ ይዘላል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ለፍሬንም ለመሪም አይታዘዝም። እንግዲህ ነገሩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪ ሕይወት ጭምር ነው።

በእኛ አካባቢ አሮጌ መኪና በቶሎ አይጣልም። ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር አሸንፏል፤ ዝናውም ከአቧራው መንገድ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1971 የተሠራው የእንግሊዙ ሞሪስ ማይነር ደግሞ የፊት ሾክ አብዞርበሩ ክንድ ራሱ ጎማውን ከላይ የሚይዝ ነው፤ እርሱ ካለቀ ጎማው በትክክል የሚይዘው የለም። አዲስ ዕቃ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲወደድ አሮጌው ይፈታል። በአዲስ አበባ ምናለሽ ተራን፣ በናይሮቢ የጊኮምባን ብረት ቀጥቃጮች ያየ ሰው የተጣለ ብረት እንዴት መልሶ ዕቃ እንደሚሆን ያውቃል።

የሾክ አብዞርበሩ ክዳን በጥርስ የተዘጋ ከሆነ ለመክፈቻው ልዩ ቁልፍ ያስፈልጋል። ባለሙያው ቁልፉ ከሌለው ወፍራም ቱቦ ቆርጦ አፉን በሞረድ እየሞረደ ጥርስ ያወጣለታል። ዘይት የሚያግደውን የጎማ ቀለበት ሳያጣምም ለማስገባት ልኩ የሆነ ሌላ ቱቦ ይፈልጋል። መጫኛ ማሽን ባይኖረው ረጅም ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ይተኩለታል። ዘይቱን በመርፌ ስሪንጅ ይለካል። እስከዚህ ድረስ የመሣሪያ እጦት አያሳፍርም፤ እንዲያውም መሣሪያውን ራሱ የሚሠራ ሰው የዕቃውን ጠባይ ጠንቅቆ ለማወቅ ይገደዳል።

ነገር ግን በሞረድ የማይደረስበት ነገር አለ። ዘንጉ ዝጎ ከተቦረቦረ ጉድፉ አዲሱን የጎማ ቀለበት ይበላዋል፤ ዘይቱም ተመልሶ ይፈስሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ዘንጉን በማሽን አስተካክሎ እንደገና ክሮም መቀባት ወይም መለወጥ ነው። ፈተናው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ዕቃውን አጥቦ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በቀጭኑ ዘይት ፈንታ ወፍራም የሞተር ዘይት ቢሞላበት ባለመኪናው የመኪናውን ጥግ ተጭኖ ሲለቀው ጠንካራ ሆኖ ያገኘዋል። አመስግኖ፣ ከፍሎ ይሄዳል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንደሚባለው፣ ዘይቱ የሚፈስሰው በኋላ፣ ምናልባትም ቁልቁለት ላይ ነው።

«ታዲያ እምቢ ብለው በሞተው ሾክ ሊነዳ አይደል? ከምንም ይሻላል» የሚል ይኖራል። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በእርግጥም ጎዶሎ ጥገና ከምንም ጥገና ሊሻል ይችላል። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። ሾኩ ደካማ መሆኑን የሚያውቅ ሾፌር በጉድጓዱ ላይ ቀስ ይላል፤ ሰውም አያበዛም። ታድሷል ብሎ ያመነ ሾፌር ግን ይፈጥናል። ስለዚህ የተደበቀው ጉድለት ከታወቀው ጉድለት ይብሳል፤ ውሸቱ ሾፌሩን ጥንቃቄውን ቀምቶታልና።

የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት ግዴታ ችሎታን እንደሚጠይቅ ያስተምራል፤ የማይችለውን ያላደረገ ሰው አይወቀስም። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1797 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ ለሰው በማዘንም ቢሆን መዋሸት እንደማይፈቀድ ተከራክሯል። በሁሉም ነገር ባንስማማው እንኳ ለጋራዡ ጥያቄ ሁለቱ አሳቦች አብረው ይሠራሉ። የመሣሪያ እጦት መዘግየትን፣ የመልክ ማስቀየምን፣ «ይህስ ከእኔ በላይ ነው» ማለትን ይቅር ያሰኛል። መደበቅን ግን አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ልዩ ቁልፍ አያስፈልግምና።

ይህ ለመካኒክ ብቻ የተባለ አይደለም። በካምፕ የምንኖር ሁላችን በጎደለ መሣሪያ እንሠራለን። አስተማሪው ያለ መጽሐፍ ያስተምራል። አስተርጓሚው ቃሉ ሲጠፋው «ይህን ቃል አላውቀውም» ሊል ይችላል፤ ገምቶም ሊያልፍ ይችላል። ገምቶ ባለፈው ቃል ላይ የሌላ ሰው ጉዳይ ተንጠልጥሏል።

አንድ ነገር ይቀራል። እውነቱን የሚናገር ባለሙያ ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ሊሄድበት ይችላል፤ ያን ቀን ልጆቹ ሊራቡ ይችላሉ። ይህን ዋጋ ማቃለል አይገባም። ሆኖም ዋጋውን የሚያስከፍለው ማን ነው? «ዘንጉ ተቦርቡሯል፣ ብዙ አይቆይም» ያለውን ትተን «እንደ አዲስ አድርጌልሃለሁ» ወዳለው የምንሄደው እኛው ደንበኞቹ ነን። ውሸትን የምንገዛ ከሆነ ሻጭ አይታጣም። ስለዚህ ባለሙያውን ከመጠየቃችን በፊት፣ እውነት ሲነግረን ምን እንዳደረግንለት ራሳችንን እንጠይቅ።

ሌላ አሳብ ያለው አንባቢ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።