ትምህርት ለፈጣኑ ብቻ ነውን?

በአንድ ክፍል 60 ሕፃናት ተቀምጠዋል እንበል። ከእነርሱ አንዱ ፊደል ለመለየት ከባልንጀሮቹ ይልቅ እጅግ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ትእዛዝም ሲደራረብበት ግራ ይጋባል። መምህሩ ጊዜውን ለዚህ ለአንዱ ቢሰጥ የ59ኙን ድርሻ መንፈጉ አይደለምን? ብለው የሚጠይቁ አሉ። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለምና በቁም ነገር ልንመልሰው ይገባናል።

አስቀድመን ግን አንድ ስሕተት እናርቅ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን ልጅ በብዙ ስፍራ የእርግማን ወይም የወላጆቹ ኃጢአት ፍሬ አድርገው ይቈጥሩታል፤ በጓዳም ይሸሽጉታል። ጌታችን ግን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ በጠየቁት ጊዜ ይህን ዐሳብ አልተቀበለም። ሐኪሞችም ከምክንያቶቹ ብዙዎቹን ለይተው ያውቃሉ፤ ይኸውም በምጥ ጊዜ የሚደርስ የትንፋሽ መታፈን፥ በሕፃንነት የሚይዝ ማጅራት ገትር፥ ዳውን ሲንድሮም በሚባለውም አንድ ትርፍ ክሮሞሶም ነው። በደጋው አገር እንቅርት የሚያመጣው የአዮዲን እጥረትም በማኅፀን ያለውን ሕፃን አእምሮ ይጐዳል። እናት በጨውዋ ውስጥ አዮዲን ስለ ጐደለ እንደ ኃጢአተኛ ልትቈጠር ይገባልን?

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ፍትሕ ለሁሉ በአንድ ቍና ሰፍሮ መስጠት አይደለም። እናት ለታመመው ልጅዋ ሌሊቱን ስትነቃ የተኙትን አልበደለችም። እ.ኤ.አ. በ1994 በእስፓንያ ከተማ በሳላማንካ የተሰበሰቡ የ92 መንግሥታት መልእክተኞች መደበኛው ትምህርት ቤት ሕፃናትን ሁሉ እንዲቀበል ተስማሙ። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽም ሕፃኑ ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል፥ በዚያው ሳለም የሚያስፈልገውን ድጋፍ እንዲያገኝ ያዝዛል። ድጋፍ ሳይሰጡ በኋላ ወንበር ማስቀመጥ ግን በክፍል ውስጥ ሆኖ መባረር ነው።

ድጋፉስ ምንድር ነው? ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ትንሹን ካቴኪዝም ባወጣ ጊዜ ትምህርቱን በአጫጭር ጥያቄና መልስ ከፈለ፤ ሰባኪዎችም ለወጣቶችና ላልተማሩት ቃሉን ሳይለዋውጡ ደጋግመው እንዲያስተምሩ መከረ። ለዚህም ልጅ መንገዱ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ትምህርቱን በትናንሽ ደረጃ መክፈል፥ በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ መስጠት፥ ቍጥርን በባቄላና በሳንቲም ማስጨበጥ፥ ከመምህሩ አጠገብ ማስቀመጥ፥ ታጋሽ ባልንጀራ ማጣመር ነው። እድገቱም ከትናንቱ ጋር ይመዘን እንጂ ከጎረቤቱ ጋር አይመዘን። ገበያ ተልኮ የሳንቲሙን መልስ በትክክል ቈጥሮ ያመጣ ልጅ ብዙ ተምሮአል።

በዚህ ሁሉ የ59ኙ ድርሻ አልጐደለም። ባቄላው ለአንዱ ሲቈጠር ዐፍረው ያልጠየቁት ሌሎችም ያስተውላሉ፤ ባልንጀራውን የሚያስጠናም ልጅ የራሱን ትምህርት ያጸናል። ይሁን እንጂ መምህሩ ሸክሙን ብቻውን እንዲሸከመው መተው አይገባንም። ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በየጉባኤያችን በጓዳ የተሸሸገ ልጅ እንዳለ እንጠይቅ፤ ወላጆቹን እናጽናና፤ ከመምህሩም ጋር እንምከር፤ በሰንበት ትምህርት ቤታችንም ስፍራውን እኛው አስቀድመን እንስጠው።