ሰበብ ያለቀበት ሌባ

ላንተ ነው የምጽፈው፤ ኮምፒውተርህ ላይ በደርዘን የሚቆጠር ጌም ጭነህ ለአንዱም ከፍለህ ለማታውቀው። ሌባ ሲሉህ ትቆጣለህ። «የማንንም ኪስ አልገባሁም፤ ያወረድኩት ቅጂ ነው፤ ዋናው ባለቤቱ ዘንድ አለ» ትላለህ። ክርክርህን ትንሽ አቆየውና ሁለት ወንድማማቾች ያደረጉትን ስማ።

ፓትሪክና ዳንኤል ክሉግ ይባላሉ። ግሪንሃርት ጌምስ የተባለች ትንሽ ኩባንያ አቋቁመው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2013 ጌም ዴቭ ታይኩን የሚባል ጌም አወጡ። ተጫዋቹ ከአንዲት ጋራዥ ተነሥቶ የጌም ኩባንያ ይመሠርታል፤ ጌም ይሠራል፣ ይሸጣል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል። ዋጋው ያኔ 8 ዶላር አይሞላም ነበር፤ የኮፒ መከላከያም አልተገጠመለትም። ወንድማማቾቹ ጌማቸው መሰረቁ እንደማይቀር ስላወቁ ሌባውን ቀደሙት፤ ክራክ የተደረገ የሚመስል ቅጂ ራሳቸው አዘጋጅተው በቶረንት ለቀቁት። ይህ ቅጂ ከሚሸጠው በአንድ ነገር ብቻ ይለያል። ጥቂት ሰዓት ተጫውተህ ኩባንያህ ማደግ ሲጀምር፣ ጌምህን ብዙ ሰው እየተጫወተው እንደሆነ፣ ነገር ግን ሳይከፍል እያወረደው መሆኑን የሚያረዳ መልእክት ይመጣልሃል። ከዚያ ወዲያ ምን ብትፍጨረጨር ገቢህ ይመነምናል፤ በመጨረሻም ትከስራለህ።

በመጀመሪያው ቀን ገዝተው የተጫወቱት 214 ሰዎች ነበሩ። የተሰረቀውን ቅጂ የተጫወቱት 3,104። ከመቶው ከ93 በላይ ማለት ነው።

ቁጥሩን እንለፈው። የሚብሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሌቦቹ አቤቱታ ይዘው አደባባይ ወጡ! ደክሜ የሠራሁትን ጌም ሁሉም እየሰረቀ አከሰረኝ፣ ለምን ይሰርቁኛል፣ ይህ ግፍ ነው አሉ። እንዲያውም አንዱ፣ በጌሙ ውስጥ የኮፒ መከላከያ ተመራምሮ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ልብ በል፤ ይህን የሚጠይቀው ያንኑ ጌም ሰርቆ የተቀመጠ ሰው ነው። ስክሪን ላይ ላለች፣ ነገ አጥፍቶ ለሚረሳት ኩባንያ አንጀቱ ተላወሰ፤ ሠርተው ላቀረቡለት ሁለት ሰዎች ግን ቅንጣት አላዘነም። ስለዚህ «ጉዳቱን አላውቅም» እንዳትለኝ። ታውቀዋለህ። የራስህ ሲሆን ያንገበግብሃል።

አሁን ወደ ሰበቦችህ እንምጣ። ለዓመታት ስትደረድራቸው የኖርካቸውን ጌም ሠሪዎቹ አንድ በአንድ አንሥተውልሃል። «የኮፒ መከላከያው አስመርሮኝ ነው» አልክ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቱዲ ቦይ በሚል ስም የሚሠሩ፣ ከትልቅ ኩባንያ ሥራቸውን ለቀው የወጡ ሁለት ሰዎች ወርልድ ኦፍ ጉ የሚባለውን ጌም ያለ ምንም መከላከያ አወጡልህ፤ አመንንህ አሉህ። ቆጥረው ሲያዩት ከሚጫወቱት ዘጠና ከመቶ ያህሉ አልከፈሉም። «ዋጋው አይቀመስም» አልክ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2010 ሃምብል ኢንዲ ባንድል የተባለ ጥቅል ቀረበልህ፤ ይኸው ወርልድ ኦፍ ጉ ያለበት የጌሞች ስብስብ ነው። የፈለግኸውን ክፈል፣ አንዲት ሳንቲም ይበቃናል፣ ብትፈልግ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ይሂድ ተባልክ። አዘጋጆቹ እንደገመቱት ካወረዱት ሰዎች ሩብ ያህሉ ያችንም ሳንቲም አልከፈሉም። ከአንድ ሳንቲም በታች ምን ዓይነት ቅናሽ ይደረግልህ? «ሞክሬ ካልወደድኩት ገንዘቤ ይቀልጣል» አልክ። ስቲም የሚባለው የጌም መደብር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በገዛህ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወትከውን ጌም መልስ፣ ገንዘብህን ውሰድ ይልሃል። ሰበቡ ሁሉ ተነሣ፤ እጅህ ግን ከሰው ገንዘብ ላይ አልተነሣም። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

የቀረህ «ድሃ ነኝ» የሚለው ነው። እሱንም እንየው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የጀርመኑ ኩባንያ ክራይቴክ ክራይሲስ የሚባለውን ጌም ሲያወጣ የዘመኑ ኮምፒውተር አብዛኛው ሊሸከመው አልቻለም። በወጉ ለመጫወት ገበያ ላይ ያለውን ውድ ግራፊክስ ካርድ መግጠም ያስፈልግ ነበር። ጌሙ አልከሰረም፤ ከሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል። ነገር ግን የኩባንያው መሪ ጀቫት የርሊ በ2008 ለአንድ የተሸጠ ቅጂ ከ15 እስከ 20 የተሰረቀ አለ ብሎ ተናገረ፤ ከእንግዲህ ለኮምፒውተር ብቻ ጌም አንሠራም አለ። ባለቤት ሲያማርር ያጋንናል፤ ግድ የለም፣ ግማሹን ጣልለት። በቀረው ግማሽ ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው? ክራይሲስን ማስነሣት የሚችል ማሽን የገዙ ሰዎች ናቸው። ለካርዱ ከፈሉ፣ ለስክሪኑ ከፈሉ፣ ለኢንተርኔቱ ከፈሉ። ገንዘብ የጠፋው ተራው ጌሙን ለሠራው ሰው ሲደርስ ነው። ክራይሲስ 2 በ2011 ሲመጣ ለፕሌይስቴሽንና ለኤክስቦክስም ተብሎ የተሠራ ነበር፤ የኮምፒውተር ተጫዋቹም ጌማችን ተቀነሰብን ብሎ አለቃቀሰ።

ይህ አመል ካንተ የጀመረ አይምሰልህ። ቢል ጌትስ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1976፣ ለኮምፒውተር አፍቃሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። አልቴር የሚባለውን ኮምፒውተር በገንዘባቸው የገዙ ሰዎች፣ እርሱና ጓደኞቹ የጻፉለትን ቤዚክ የሚባል ፕሮግራም ግን በወረቀት ጥቅልል እየገለበጡ ይቀባበሉት ነበር። ከአልቴር ባለቤቶች ቤዚክን የገዙት አሥር ከመቶ አይሞሉም ብሎ ወቀሳቸው። ብረቱ ይከፈልበታል፣ ሐሳቡ ግን የጋራ ነው የሚል ሃይማኖት አላችሁ ነው ያላቸው ባጭሩ። ሰውየው በኋላ የናጠጠ ሀብታም ስለሆነ ወቀሳው አልገባህ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን አልነበረም።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ወደ ኮምፒውተር ቤቱ ሃርድ ዲስክህን ይዘህ ትሄዳለህ። መስታወቱ ላይ «ፊልም፣ ሙዚቃ፣ ጌም እንጭናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልጁ በፊደል ተራ የተደረደሩ ፎልደሮች ይከፍትልሃል፤ አንተ በጣትህ እያሳየህ ትመርጣለህ፣ እርሱ ይገለብጣል። ጨርሶ ሲነቅልልህ ከኪስህ ብር አውጥተህ ትከፍላለህ። አየህ፣ ከፍለሃል! ነፃ ነው የወሰድኩት እንኳ ማለት አትችልም። ለገለበጠው ከፍለህ ለሠራው አልከፈልክም። በካሴት ዘመን የዘፋኞቻችንን ላብ እየገለበጡ የሸጡትን ስንረግም ኖረናል፤ የኮምፒውተር ፕሮግራምም እንደ ዘፈኑ ሁሉ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። ሕጉን ማንም አያነሣውም፤ አንተም እንደማይነሣብህ ስለምታውቅ ነው የምትደፍረው።

ሰርቀህ ዝም ብትል እንኳ አንድ ነገር ነበር። ታይታን ኩዌስት የሚባል ጌም ነበር፤ ጥንታዊት ግሪክንና ግብፅን የሚያስቃኝ፣ አይረን ሎር የተባለ የማሳቹሴትስ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው። ጌሙ ገና ሱቅ ሳይደርስ ክራክ የተደረገ ቅጂ ተለቀቀ። መከላከያው በአንድ ቦታ ሳይሆን በየደረጃው የተቀመጠ ነበር፤ ክራክ ያደረጉት ሰዎች የመጀመሪያውን አልፈው የቀረውን አላዩትም። ስለዚህ ሌባው ጥቂት እንደተጫወተ ጌሙ የሰረቀ መሆኑን ያውቅና ራሱን ይዘጋል። ሌባውስ ምን አደረገ? ጌሙ ብልሽት የሞላበት ነው፣ እንዳትገዙት ብሎ አወራ። ጠላ ቤት ገብቶ ሳይከፍል ጠጥቶ፣ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «ጠላዋ ኮምጣጣ ናት» እያለ ገበያተኛ የሚመልስ ሰው ማለት ይህ ነው። ጌሙ ለገበያ ሲቀርብ ስሙ ቀድሞት ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 አይረን ሎር ተዘጋ። ለሚቀጥለው ሥራ ገንዘብ የሚያቀርብ ስላላገኘ ነው የተዘጋው፤ ሌብነቱ ብቻውን ገደለው አልልም። ነገር ግን ጌሙን ያሳተመው የቲኤችኪው ኩባንያ ባልደረባ ማይክል ፊች ስቱዲዮው እንደተዘጋ ይህን ሁሉ በምሬት ጻፈ፤ ጥቂት ሰው ተጨማሪ ቢገዛ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር የሚል ነበር ቁጭቱ። ከዚያ ስቱዲዮ የወጡት ልጆች ክሬት የሚባል አዲስ ቤት አቋቁመው፣ ግሪም ዳውን የተባለውን ጌም ጨርሰው ለማውጣት እስከ 2016 ፈጀባቸው።

የምታመካኝበትን የኮፒ መከላከያም ያመጣኸው አንተ ነህ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩቢሶፍት አሳሲንስ ክሪድ 2ን ለኮምፒውተር ሲያወጣ፣ ብቻህን የምትጫወተው ጌም ሆኖ ሳለ ያለ ኢንተርኔት እንዳይሠራ አደረገው። በማርች ወር የኩባንያው ሰርቨሮች ጥቃት ደርሶባቸው ሲወድቁ፣ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ሰው ከገዛው ጌም ተቆልፎበት ዋለ። ኩባንያው ጥፋተኛ ነው፤ በደንበኛው ላይ እንደ ወንበዴ ጠባቂ ማቆም ነውር ነው። ግን ጠባቂውን ያስቀጠረው ማን ነው? ሌባው የሠራውን ዕዳ ጨዋው ከፈለ። ከ2014 ወዲህ ደግሞ ዴኑቮ የሚባል መከላከያ መጣ፤ እሱንም ስትሰድብ ውለህ ታድራለህ።

«ጥናት አለ» እንደምትለኝም አውቃለሁ። አለ። የአውሮፓ ኮሚሽን አስጠንቶት እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት በጌም ሽያጭ ላይ ጉዳት አላገኘሁም ብሏል። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ዴኑቮ የተገጠመላቸውን 86 ጌሞች መርምሮ፣ መከላከያው በመጀመሪያው ሳምንት የተሰበረበት ጌም በአማካይ ከገቢው 20 ከመቶ ያህሉን እንደሚያጣ ገምቷል። አጥኚዎቹ ይከራከሩበት። አንተ ግን ቶረንቱን ስትከፍት የሽያጭ ሠንጠረዥ አገናዝበህ አታውቅም። ባለቤቱ ሽጬልሃለሁ እንጂ ሰጥቼሃለሁ አላለህም፤ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ለራስህም አልበጀህም። ካወረድከው ፎልደር ውስጥ ያለችው አጭር ጽሑፍ «አንቲቫይረስህን አጥፋ» ትልሃለች፤ አንተም ታዛዥ ነህና ታጠፋለህ። እ.ኤ.አ. በ2021 አቫስት የሚባለው የአንቲቫይረስ ኩባንያ ክራኮኖሽ የሚባል ቫይረስ አጋለጠ፤ በተሰረቁ ጌሞች ውስጥ ተደብቆ ከ222,000 በላይ ኮምፒውተሮች ውስጥ ገብቶ፣ በባለቤቶቹ መብራትና ማሽን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ዲጂታል ገንዘብ ለጌቶቹ አምርቷል።

አንድ ክብደት ያለው ቃል ግን ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም እሰማለሁ፤ «ዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም»። እውነት ነው፤ ይህን እንደ ሌላው ሰበብ አላጣጥልም። ሆኖም ካርድ የማይጠይቁ ዶታ 2 እና ካውንተር ስትራይክ 2 አሉ፤ ኤፒክ የሚባለው መደብርም እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ጌም በነፃ ሲያድል ቆይቷል። በነፃ ከተሰጠህ ተጫወት፤ ያልተሰጠህን ተወው። ጌም እንጀራ አይደለም፤ ባይኖርህ አትራብም። ቨርጂኒያ ወይም ፍራንክፈርት ተቀምጠህ፣ ካርድ በኪስህ እያለ፣ ከአገር ቤት ልጅ ሰበብ የምትዋስ አንተ ደግሞ ሁለት ጊዜ እፈር።

መክፈል ምን እንደሚያፈራ ለማየት ፖላንድን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዋርሶ ገበያ የተገለበጠ ጌም በሜዳ የሚቸረቸርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ሲዲ ፕሮጄክት የተባለ ኩባንያ በ1999 ባልዱርስ ጌት የሚባለውን ጌም በፖላንድኛ አስተርጉሞ፣ ካርታና ሌላም ስጦታ ያለበት ሣጥን አድርጎ ሲያቀርብ ሰው ተሰልፎ ገዛው። በዚያ ገንዘብና በዚያ ልምድ ያደገው ቤት ነው በ2007 ዘ ዊቸር የሚባለውን ጌም ይዞ የወጣው። እኛም ዘንድ እንደ ኩኩሉ ያለ ጌም ሠርተው ያሳዩን ልጆች አሉ። ለነርሱ ገዢ የሚሆነው ማን ነው? ለሠራተኛ መክፈልን ያልለመደ እጅ፣ ሠሪው አማርኛ ተናጋሪ ስለሆነ ብቻ አይዘረጋም።

ተማሪ ሳለህ ሰርቀህ ዛሬ ደሞዝ የምትበላ ከሆንክ፣ የወሰድካቸውን ጌሞች ስም አልረሳኸውም። ወርልድ ኦፍ ጉ ዛሬም ይሸጣል፤ ታይታን ኩዌስትም፣ ክራይሲስም፣ ጌም ዴቭ ታይኩንም። በቅናሽ ሰሞን ዋጋቸው ከአንድ ምሳ ይወርዳል። ስማቸውን ወረቀት ላይ ጻፍና ደሞዝ በወጣ ቁጥር አንዳንዱን እየገዛህ ሰርዝ።