የትኛውን ልንካላት?

እንጀራዬ ቅጽ መሥራት ነው። ቅጽ ስል የቀበሌውን ዓይነት አይደለም፤ የአራዊትን ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች ሜዳ ይዘውት የሚወጡትን፣ በእጅ ስልክ የሚሞላውን ማለቴ ነው። አጥኚው ከመንጋው አንዲት ጭላዳ ዝንጀሮ ይመርጥና ለተወሰነ ደቂቃ ዓይኑን ሳይነቅል ይከተላታል። ሣር ስትነጭ አንዱን ቁልፍ ይነካል፤ ስትጓዝ ሌላውን፣ ስትጣላ ሌላውን። ሰዓቱን ስልኩ ራሱ ይይዛል።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ያስተማረኝ አንድ የመንዝ ልጅ ነው። ጓሳ ላይ ከተመራማሪዎች ጋር ውሎ ሲመለስ፣ «ጋሼ፣ ልጇ የሞተባት እናት የትኛውን ልንካላት?» አለኝ። ልጅቱ ሞታለች፤ እናት ግን አልጣለቻትም። ይህ ለጓሳ ጭላዳዎች እንግዳ ነገር አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አንዳንድ እናቶች የልጃቸውን በድን፣ ደርቆ እስኪቀር፣ እስከ 48 ቀን ይዘው እንደዞሩ መዝግቧል።

«ልጅ መያዝ የሚለውን ንካ» አልኩት።

«በሕይወት ላለውም እሱኑ ነው እኮ የምነካው!»

አንድ ቁልፍ መጨመር የደቂቃ ሥራ ነው። ስሙን ማውጣት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። «ሸክም» ልበለው? በአማርኛ እናት ልጇን ታዝላለች፣ ታቅፋለች እንጂ አትሸከምም፤ ሸክም የእንጨትና የእህል ነው። «በድን መያዝ» ብል፣ በድን መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እሷ ማወቋን ማን ነገረኝ? «ሀዘን» ብል ደግሞ ያላየሁትን መሰከርኩ። (ደቡብ አፍሪካዊው ሊዊስ ሊበንበርግ ማንበብ ለማይችሉ ዱካ ተከታዮች በ1990ዎቹ ቃሉን ትቶ በሥዕል የሚሠራ መሣሪያ አበጅቷል። ግሩም መላ ነው። ለዚህች እናት ግን ምን ዓይነት ሥዕል ይሣልላታል?)

ቅጽን በደፈናው መውቀስም አይገባም። ጂን አልትማን በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ፣ ተመልካች ዝም ብሎ ከተተወ ዓይኑ ወደ ጠቡና ወደ ግርግሩ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ጥግ ይዛ ሣሯን የምትነጨው ሳትጻፍ ትቀራለች። አንዷን መርጦ በሰዓት መከተል ለእሷም ፍርድ መስጠት ነው። እኔም በዚህ አምናለሁ።

የሚያስጨንቀኝ ሌላው ወገን ነው። አስቀድሜ ስም ያልሰጠሁት ነገር አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረውን ደግሞ ሩቅ አገር ሠንጠረዡን የሚከፍት ሰው እንዳልነበረ ይወስደዋል። ከዚያ የከፋው፣ በእኔ «ልጅ መያዝ» የተነሣ ያቺ ሙት ልጅ በሠንጠረዡ ላይ ለሳምንታት በሕይወት ትኖራለች። ይህ የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ምስክሩም ቁልፉን የነካው ልጅ ሳይሆን ቁልፉን የሠራሁት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ «የሞተ ልጅ መያዝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ደረቅ ነው፣ ግን የታየውን ብቻ ይናገራል። ከሥሩም ተመልካቹ በገዛ አፉ የሚናገርበት የድምፅ መቅጃ አኖርኩ። የቡድኑ ኃላፊ አልወደዱትም፤ «ድምፅ አይደመርም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እስካሁንም የሚደመርበትን መንገድ አላገኘሁም።

ልጁ ከቀዳቸው አንዱ እንዲህ ይላል፦ «አስቀመጠቻት። ሣር ልትነጭ አምስት እርምጃ ያህል ሄደች። ዞራ አየቻት። ተመለሰችና አነሣቻት። አሁን ተቀምጣለች፤ ሣሩንም ትታዋለች።»