ስምንት ሰው ያለበት ክፍል

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ተገደሉ። ወሬው ወዲያው ሌሎች ግቢዎች ደረሰ፤ እኔ የማስተምርበትም፣ ሌላ ክልል ቢሆንም፣ ታመሰ። አንድ ጠዋት ስገባ በሩ ላይ ፌዴራል ፖሊስ ቆሟል፣ ተማሪው ሻንጣውን እየጎተተ ወደ መናኸሪያ ይሄዳል። ማስታወቂያ ሰሌዳው ግን «የመማር ማስተማሩ ሂደት ቀጥሏል» ይላል።

እኔም ቀጠልኩ። ከ62 ተማሪ የመጡት 8 ነበሩ። እንደ ልማዴ አቴንዳንስ ያዝኩና ሌክቸሬን ጀመርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነበር። ሻይ ላይ ባልደረቦቼ «ጽናት ማለት ይሄ ነው» ሲሉኝ አልተቃወምኩም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አንዱ ከቤተሰቦቹ ዘንድ ደወለ። «ቲቸር ይቅርታ፣ ሚድ አምልጦኛል። ሜክአፕ ይሰጡኛል?»

«ክፍል እኮ ነበር» አልኩት።

ዝም አለ። ደንባችን የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል፤ የፍርሃት ማስረጃ የሚጽፈው የትኛው ሐኪም እንደሆነ እንጃ።

ቆይቼ ሳስበው የእኔ ጽናት ምን ነበር? ቤቴ ከግቢ ውጭ ነው። 11 ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሌሊት በቋንቋዬ ለይቶ በሬን የሚደበድብ የለም። ልጁ የፈራው የሚተኛበትን አልጋ ነው። እኔ ደፋር የሆንኩት እሱ ባልነበረው ደህንነት ነው።

ባላስተምርስ? እሱም ቀላል አይደለም። ከስምንቱ አንዷ ያልሄደችው የመሳፈሪያ ገንዘብ አጥታ ነው። «ዶርም ከመቀመጥ ክፍል ይሻላል ቲቸር፣ ቢያንስ ሰው አለ» ብላኛለች። ለእሷ ስል ዛሬም ቢሆን አስተምራለሁ። ያጠፋሁት በማስተማሬ ሳይሆን በመቁጠሬ ነው። ለገባው መጠጊያ የሆነውን ክፍል፣ ለሄደው ክስ አደረግኩበት።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ኮሮና መጥቶ ተማሪው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲላክ ማንም «ቀሪ» አልተባለም። ፍርሃቱ የመምህራንም ስለነበር ይመስለኛል ደንቡ እንደዚያ ቶሎ የላላው።

ከዚያ በፊት፣ ጥር ላይ፣ ለተመለሱት ምዕራፉን ደግሜ አስተማርኩ። ፈተናውንም ማንንም ሳላስፈቅድ ደገምኩላቸው፤ ዲፓርትመንቱ አልወደደልኝም።

የደወለልኝ ልጅ ከተመለሱት ውስጥ አልነበረም። ልደውልለት ፈልጌ ስልኬን አገላበጥኩ። ቁጥሩን ሴቭ አላደረግኩትም ነበር።