የቃና ወይን በካርቶን ሲቆጠር

መጠጥ ነጋዴ ነኝና የቃና ዘገሊላ ወንጌል ሲነበብ መጀመሪያ ጆሮዬ የሚይዘው ልኬቱን ነው። ስድስት የድንጋይ ጋኖች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት እንስራ የሚይዙ። የመጽሐፍ ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን መስፈሪያ 40 ሊትር ገደማ ያደርጉታል። ጋኖቹ እስከ አፍ ገደፋቸው ተሞልተው ነበርና ከ480 እስከ 720 ሊትር ወይን ተገኘ ማለት ነው። መደርደሪያዬ ላይ ባለው የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቢሞላ ከ640 እስከ 960 ጠርሙስ ይወጣዋል፤ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እያደረግን ብናሽገው ከ53 እስከ 80 ካርቶን። ያውም እንግዳው የተዘጋጀለትን ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ! ከአንድ የገጠር መንደር ሰርግ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቢደርሰኝ፣ ቁጥር ተሳስተው እንዳይሆን ብዬ መልሼ እደውላለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን በዓል የምታከብረው ጥር 12 ቀን፣ በጥምቀት ማግሥት ነው። ተአምሩ የተፈጸመው የካቲት 23 ቀን እንደነበር መምህራን ያስተምራሉ፤ አባቶች ወደ ጥር ያመጡት የውኃውን በዓል ከውኃው በዓል ጋር ለማገናኘት ነው ይላሉ። ለእኛ ለነጋዴዎች ደግሞ ጥር የሰርግ ወር ነው። በገና የተጀመረው ግዢ በጥምቀት ያይላል፤ የሚካኤልን ታቦት ከጃን ሜዳ ሸኝቶ የሚመለሰው ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ ሱቄ ገብቶ የእሑዱን ሰርግ መጠጥ ያዝዛል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ፣ ዲያቆን እንደነበርኩ የሚያውቅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቀኛል፦ “ጋሼ፣ ለመሆኑ ለበዓል ውድ ወይን መምረጥ በዓሉን ማክበር ነው ወይስ ራስን ማክበር?”

ነጋዴን ይህን መጠየቅ ጅብን በሥጋ ጉዳይ ማማከር ነው። ቢሆንም ጥያቄው ከሸጥኩት መጠጥ ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ነውና የመሰለኝን ልበል።

ባለፈው ዓመት ልጃቸውን የሚድሩ አንዲት እናት ከሙሽራው ጋር መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ተቀመጡና ሒሳቡን ጀመሩት።

“ስማ ልጄ፣ ለሃይ ቴብሉ የፈረንሳዩን ታደርግልኛለህ። ለቀረው ሕዝብ ከአገሩ ረከስ ያለውን።”

“ሃይ ቴብሉ ላይ እነማን ይቀመጣሉ፣ እትዬ?”

“ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ ሽማግሌዎቹ። ከአሜሪካ የመጣው የአባቱ ወንድምም አለ።”

“እሳቸው ወይን ይወዳሉ?”

“ኧረ ሐኪም ከከለከለው ቆየ። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ከጠጅና ከውስኪ አይወጡም።”

“ታዲያ የፈረንሳዩን ማን ይጠጣዋል?”

“ይታይ እንጂ!” አሉኝ፣ እንዲህ ግልጽ የሆነ ነገር ስላልገባኝ እየተገረሙ። ሙሽራው አንገቱን ደፋ።

በእትዬ መሳቅ ይቀላል። እንደ ማዕረግ ማጠጣት ግን እሳቸው የፈጠሩት አይደለም። በምኒልክ አዳራሽ ግብር ሲገባ ሰው እንደየደረጃው በተራ ይስተናገድ ነበር፤ ለመኳንንቱ የሚቀዳው ጠጅና በመጨረሻው ዙር ለሚገባው የሚደርሰው አንድ አልነበረም። ከዚያ በፊት ደግሞ ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ የተቆጣው በዚሁ ነገር ነው። ለጌታ ራት ተሰብስበው ሳለ፣ ያለው ሰው ቀድሞ እየበላና እየጠጣ ይሰክራል፣ የሌለው እየራበው ይመለከታል። ሐዋርያው ወይኑን አልነቀፈም። የነቀፈው በአንድ ማዕድ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው መፈጠሩን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የጠርሙሱን ዋጋ ጠቅሶ “ኃጢአት ነው?” ሲለኝ፣ ዋጋውን ትተህ አቀማመጡን ንገረኝ እለዋለሁ። ከዚያኛው ጠረጴዛ ምን ተቀመጠ?

ይሁን እንጂ ጥሩ ነገር መምረጥን ከነጭራሹ በኩራት የሚመድቡት ሰዎችም አያሳምኑኝም። እኔ መምረጥን የተማርኩት ቤተልሔም ውስጥ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ባለችው፣ የቁርባኑ ኅብስትና ወይን በሚዘጋጅባት ጠባብ ቤት። ዘቢቡን ሰፌድ ላይ እናፈስሰዋለን። ከዚያ ለቀማ ነው፤ ግንጣዩ ይወጣል፣ ጠጠሩ ይወጣል፣ የነቀዘው ይወጣል። በኩራዝ ብርሃን ፍሬውን በጣት እያገላበጡ ማየት ዓይን ይፈጃል። የተለቀመው ታጥቦ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ጠጥቶ ሲያብጥ በእጅ ይታሻል፣ ይጠለላል። የሚወጣው ውኃ ቀላ ያለ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ አይፈላም፣ አያሰክርም። ቄሰ ገበዛችን ሲቆጣጠሩ አንዲት የሻገተች ፍሬ ካገኙ የተዘፈዘፈውን በሙሉ ያስደፉን ነበር። ቃጭል እየተመታ፣ ጥላ ተዘርግቶ ወደ መቅደስ ሲገባ የሚሰግደው ሕዝብ ስለዚያ ለቀማ ምንም አያውቅም። ማንም ባያየውም ማለፊያው ብቻ ነበር የሚቀርበው። እንግዲህ ጥራትን መውደድ ከእምነት ጋር ይጣላል የሚለኝ ሰው ቤተልሔም አላደረም።

ሱቄ ውስጥም የምሠራው ያው ለቀማ ነው፣ ደንበኛ ሁሉ ባይወድልኝም። ሰው ውዱ ይሻላል ብሎ ይመጣል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ “ወጡ ምንድን ነው?” እላለሁ። ለገና ዶሮ ወጥ ከሆነ፣ አፍ የሚይዝ፣ አልኮሉ ከበድ ያለ ድራይ ቀይ ወይን የበርበሬውን ቃጠሎ ያባብሰዋል፤ አንድ ጊዜ ጎርሶ አንድ ጊዜ የተጎነጨ እንግዳ ቀጥሎ የሚጠይቀው ውኃ ነው። ለዶሮው ለስለስ ያለ፣ እንደ አክሱማይት ጣፋጭነት ያለው ይስማማዋል። ጉደር ድራይ ስለሆነ ለጥብስ፣ ቅቤው ለበዛ ክትፎ ይሄዳል። ወይን አምራቹ ካስትል ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ ተክሎ በ2014 እ.ኤ.አ. ጠርሙሱን ገበያ ካወጣ ወዲህ ደግሞ የአገር ውስጥ ሲባል አፍንጫውን የሚነፋው ሰው ቀንሷል፤ ባይጠፋም። ማከማቻውንም እመለከታለሁ። ፀሐይ በሚመታው መስታወት ውስጥ ለጌጥ ቆሞ የከረመ ጠርሙስ፣ የፈለገው አገር ቢመጣ፣ ቡሹ ይደርቃል፣ አየር ያስገባል፣ ወይኑ ወደ ሆምጣጤ ይሄዳል። በእሳት ዋጋ ተገዝቶ ምርቃት ሊደረግበት ሲከፈት ቤቱን የሆምጣጤ ሽታ የሞላው የውጭ ወይን በዓይኔ አይቻለሁ። ደጋሹ ግን ጠርሙሱን ከጠረጴዛው አላነሳውም፤ ጽሑፉን ወደ እንግዶቹ አዙሮ መልሶ አቆመው።

ወደ ቃና ልመለስ። የድግሱ አሳዳሪ ሊቀ ምርፋቁ ቀምሶ ተደነቀና ሙሽራውን ጠራው። ያለው ነገር የኛ የነጋዴዎች ሂሳብ ነው፦ ሰው ሁሉ መልካሙን ቀድሞ ያቀርባል፣ ምላስ ሲደነዝዝ ተራውን ይከተላል። አስተናጋጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ የተቀዳውን ማን ይለያል? ታዲያ ጌታ ለደነዘዘ ምላስ ያን የመሰለ ወይን ለምን ሰጠ? ተራው ቢመጣ ማን ቅሬታ ያነሳ ነበር?

ደግሞ ምስጋናውን የወሰደው ሙሽራው ነው፤ ከነገሩ ምንም የማያውቀው ሰው። ምን ብሎ እንደመለሰ ዮሐንስ አልጻፈልንም። ወይኑ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ናቸው፤ እነሱም ሲናገሩ አንሰማም። የመጀመሪያው ተአምር የተሠራው እንግዲህ ዳኛው ምንጩን ሳያውቅ፣ ተመስጋኙ ሥራውን ሳይሠራ፣ ሠሪው ሳይመሰገን ነው። እኔ በበኩሌ የዚያ ወይን ጥራት ለቀማሽ ፍርድ የቀረበ አይመስለኝም። ሰጪው መልካም ስለሆነ መልካም ሆነ፤ ቤተልሔም ውስጥ ያለችው ዘቢብ ማንም ሳያያት እንደምትለቀመው።

እዚህ ላይ ግን የእትዬ “ይታይ እንጂ” ተመልሶ ያዘኝ። ምክንያቱም ቃና ላይ ሊመጣ የነበረው አደጋ ረኃብ ወይም በሽታ አልነበረም፤ ኀፍረት ነው። እመቤታችን ወይን እንዳለቀባቸው አይታ ለልጇ የነገረችው የደጋሹ ገመና እንዳይገለጥ ነው። እኛ አገር ደግሶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል፤ ጓዳ ያለችው ሴት ጋኑን ዘንበል አድርጋ ስታይ የሚሰማትን። ጌታ ያን ጭንቀት “ከንቱ ክብር ነው” ብሎ አልናቀውም። ሸፈነላቸው። እትዬም የባላቸው ወገኖች “ብቻዋን ስላሳደገችው አቅቷት ነው” እንዳይሏቸው ፈርተው እንደሆነ በኋላ ከልጃቸው ሰምቻለሁ። ይህን ፍርሃት ኩራት ብዬ ልጠራው አልደፍርም።

ገንዘቡ ለድሀ ቢሰጥ የሚለው ሙግትም አለ። በቢታንያ ሽቱው ሲፈስስ ይህንኑ ያለው ይሁዳ ነበር፤ 300 ዲናር ያወጣ ነበር ብሎ። ክርክሩ ተናጋሪው ክፉ ስለነበር ብቻ አይወድቅም፣ ድሀው በደጅ ነውና። እኔ የምለው፣ ወይኑን የተወ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ለነዳያን ሲያከፋፍል አላየሁም፤ መልካሙን ወይን የገዛው ሰው ግን የድግሱን ማግሥት ለነዳያን ሲያበላ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለ ስካር ብዙ አልናገርም። የኖኅን ታሪክ የማያውቅ የለም፤ እኔም ከእሱ በኋላ በየሰርጉ ድንኳን ጥግ ሲደገም አያለሁ።

የከበደኝ ጥያቄ የመጣው ከታናሽ ወንድሜ ነው። ጴንጤ ነው፤ ከጋብቻው ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም። ስለ ቃና በተነሳ ቁጥር እንከራከራለን።

“ጋሼ፣ ያ ወይን ያልፈላ ነው” ይለኛል።

“ሊቀ ምርፋቁ ስለ ስካር ያነሳው ታዲያ ለምንድን ነው?”

“እሱ የሰውን ልማድ ተናገረ እንጂ ስለ ቀመሰው ወይን አልተናገረም። ደግሞ የናንተው ቅዳሴ የሚቀደሰው ባልፈላ ዘቢብ አይደል እንዴ? ቅዱሱን ነገር በማያሰክር ካደረጋችሁት ከኔ ጋር ናችሁ።”

ስለ ቃናው አልተስማማንም። ስለ ዘቢቡ ግን መልስ አጥቼ ሻይ ቀዳሁለት። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። በየሰርጉ ለጠጪው ይመረጣል፤ ይቀመሳል፣ ይወዳደራል፣ ይቀዘቅዛል። ለማይጠጣው፣ ለሙስሊሙ ጎረቤት፣ ለወንድሜ፣ ስኳር ላለባቸው አዛውንት፣ ለነፍሰ ጡሯ፣ የሚደርሰው ማንም ያልመረጠው፣ ፀሐይ የሞቀው ለስላሳ ነው። ሃይ ቴብልና ተራ ጠረጴዛ ከሚለያዩበት ይልቅ ጠጪውና የማይጠጣው ይበልጥ የሚለያዩ ሆነው አገኘኋቸው። ንጹሕ ማር በንጹሕ ውኃ ተበርዞ፣ ጌሾ ሳይነካው በዕለቱ የቀረበ ብርዝ ግን ያለምንም ይቅርታ ከወይኑ ጎን ይቆማል፤ ማሩን የሚመርጥ ሰው ካለ። ስኳር ላለባቸው እንኳ አይሆንም፤ ለእነሱ ደግሞ ጥሩ አምቦ ውኃ ቀዝቀዝ ብሎ ይቅረብ። ዋናው አንድ ሰው ቀድሞ ስለ እነሱ ማሰቡ ነው።

ለእትዬም ይህንኑ ነገርኳቸው። ለጠረጴዛው ሁሉ አንድ ዓይነት የአገር ውስጥ ወይን፣ ግማሹ ለስለስ ያለ፣ ግማሹ ድራይ፤ ከፈረንሳዩ በሚተርፈው ገንዘብ ጥሩ ነጭ ማር ለብርዝ። ቀመሱ። ለስላሳውን ወደዱት፣ ድራዩን ፊታቸውን አጨማደውበት “ይሄ ለወንዶቹ ይሁን” አሉ። ማሩን ከእኔ አልገዙም፤ እኔ ከማውቀው የተሻለ ሰው ጎጃም አላቸው። ከካርቶኑ ዋጋ ላይ ሁለት ጊዜ አስቀነሱኝ። ሙሽራው ዕቃውን ታክሲ ላይ ሲጭን ግን ከበሩ ተመልሰው መጡ።

“የፈረንሳዩን አንድ ብቻ ስጠኝ።”

“እትዬ፣ ተስማምተን አልነበር?”

“አይከፈትም። መሐል ላይ ይቁም ብቻ።”

ጨርቅ አንስቼ አቧራውን ጠረግሁና በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፤ በእሱ ላይ ግን ሳንቲም አልቀነስኩም።