ጥሩምባና ንቃት

ገና ጎህ ሳይቀድ በጦር ሰፈር የሚነፋው ጥሩምባ የወታደሩን እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ይቆርጠዋል። ብርድ ልብስ ይገፈፋል፤ የጫማ ክር ይታሰራል፤ ሰልፍ ይያዛል። ጥቂት ቀደም ሲል በየሕልሙ ተበታትኖ የነበረው ሰው ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ አንድ ረድፍ ይሆናል። የጥሩምባው ኃይል በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ያስከትላል፤ የተነሣ ሁሉ ነቅቷልን?

መሣሪያው ራሱ ለመልሱ ይረዳል። የጦር ሰፈር ጥሩምባ ቁልፍ የለውም። ነፊው በከንፈሩና በትንፋሹ ብቻ የሚያወጣቸው፣ ለጥሪ የሚያገለግሉት ድምፆች በአብዛኛው ከአምስት አይበልጡም። በእነዚህ «ተነሥ»፣ «ተሰለፍ»፣ «ተኛ» ማለት ይቻላል፤ «ስለ ምን?» ለሚል ጥያቄ ግን መልስ መስጠት አይቻልም።

የነጋሪት ሥርዓት ከዚህ ይለያል። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የዐድዋው ዘመቻ ክተት ሲታወጅ፣ ከነጋሪቱ ድምፅ በኋላ ቃል ተከተለ። ጠላት ማን እንደሆነ፣ የመጣውም ለምን እንደሆነ ለሕዝቡ ተነገረ። በቀሪው ላይ ቅጣት መታወጁ እውነት ነው። ነገር ግን ገበሬውን ስንቁን አስይዞ ከሸዋ እስከ ትግራይ ያደረሰው ቅጣቱን መፍራት ብቻ አልነበረም፤ ምክንያቱን መረዳቱም ጭምር ነው።

ድምፅ መስማት ብቻውን ንቃት እንዳልሆነ የአቃቂ ታሪክ ይመሰክራል። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገሪቱን ሲወር፣ የኢትዮጵያን ድምፅ ለውጭው ዓለም ያሰማው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአቃቂ የቆመው የራዲዮ ጣቢያ ነበር። ጥሪው ደረሰ፤ የዓለም መንግሥታት ማኅበርም ሰማ። ኢጣሊያን በወራሪነት ፈረደባት፤ የጣለባት ማዕቀብ ግን ነዳጅ ዘይትን አልነካም፤ እርሱም ዓመቱ ሳያልቅ ተነሣ። ሰሚ ነበር፤ የነቃ ኅሊና ግን አልተገኘም።

በአማርኛ «ንቁ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ለብዙዎች ሲነገር ትእዛዝ ነው፤ ስለ አንድ ሰው ሲነገር ጠባይ ነው። ትእዛዙን ሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ጠባዩን ግን ባለቤቱ ራሱ ማፍራት አለበት። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ማንቃት» የዘመኑ ዐቢይ ቃል በሆነ ጊዜ ስሕተት የተሠራው እዚህ ላይ ነው። በስብሰባ መገኘት፣ መፈክር ማስተጋባት፣ በአንድነት ማጨብጨብ እንደ ንቃት ተቆጠረ። አዳራሹ ሞላ፤ ጥያቄ ግን ከደጅ ቀረ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በትእዛዝ የተጀመረ ነበር። ሆኖም ቀኑን በማሽን ፊት ቆሞ የዋለ እንደ አቃቂው ያለ የፋብሪካ ሠራተኛ ማታ ፊደል ቆጥሮ ያገኘው ሀብት ከአዛዡ እጅ የወጣ ነው፤ ማንበብ የቻለን ሰው የተሰጠውን ብቻ እንዲያነብ ማድረግ ያስቸግራልና።

ይህ ማለት ጥሩምባ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ቤት ሲቃጠል የተኛን ሰው መጀመሪያ መቀስቀስ፣ ምክንያቱን በኋላ መንገር ይገባል። የካድሬው፣ የመምህሩና የከያኒው ሥራ ግን ከጥሩምባው በኋላ የሚጀምር ነው። የቀሰቀሱት ሰው ተነሥቶ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቃቸው እንደ ዐመፀኛ ከቆጠሩት፣ ሲሹ የኖሩት የቆመ ሰው እንጂ የነቃ ሰው አልነበረም።