እናቲቱን ተዉአት

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በተሳፈርኩበት ታክሲ ያየሁት እስካሁን ያንገበግበኛል። ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጆሮዎቹን በመዳፉ ደፍኖ ይጮኻል። ከራሱ በላይ ስፒከር ያጓራል፤ ረዳቱ በመስኮት ይጣራል፤ ከኋላ ጥሩምባ። ተሳፋሪው ግን የተነሳው በእናቱ ላይ ነው። አንዷ «ስድ አድርገሽ አሳደግሽው» አለች። አንዱ «አንዴ ብታቀምሺው ጸጥ ይላል» አለ። እናቲቱ ቀስ ብላ «ኦቲዝም አለበት» ስትል ደግሞ «ምን ሠርተሽ ነው?» የሚል ተገኘ! ስፒከሩን ቀንስ ያለ አንድም ሰው የለም። እኔም ዝም አልኩ፤ አፈርኩም።

እባካችሁ ተዉአት! ያ ልጅ አልባለገም። እኛ ጥሩምባውን ወደ ዳር ገፍተን ወሬያችንን እንሰማለን፤ ኦቲዝም ላለበት ብዙ ልጅ ግን ድምፁ፣ ብርሃኑ፣ ሽታው ሁሉ እኩል እየተጋፋ ይገባበታል። የሸሚዙ አንገት ላይ የተሰፋችው ማርክ እንደ እሾህ ትወጋዋለች። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ይሽከረከራል፣ ይዘላል፣ ጠበቅ አድርገው ሲይዙት ይረጋጋል። የሚያለቅሰው ከረሜላ ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ስትሰጡት ዝም ባለ ነበር። ሲጨናነቅ የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ጥግና ጊዜ ነው፤ ዱላ አይደለም፣ ስብከትም አይደለም።

ዘመድ ነን የምትሉትም አላችሁ። «በሞቴ!» እያላችሁ ወጥ የነካው እንጀራ አፉ ውስጥ የምትጠቀጥቁ፣ ጉንጩን ቆንጥጣችሁ አገላብጣችሁ የምትስሙ። ደረቅ እንጀራ ብቻ ከበላ ይብላ! ቡና ሲቆላ ወይም ዕጣን ሲጨስ ከወጣ ይውጣ! እናቱን «አቀማጠልሽው» አትበሏት። ወደ ድግስ ስትጠሯት ምን እንደሚኖር አስቀድማ ብትነግረው ይሻለዋል፤ እናንተ ግን መጀመሪያ ትጠሯታላችሁ?

እናትን መክሰስ በእኛም አልተጀመረም። በአሜሪካ ብሩኖ ቤተልሃይም የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ የኦቲዝምን ጥፋት በወላጆች፣ በተለይ በእናቶች፣ ልብ ቅዝቃዜ ላይ ጭኖ ነበር። ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የነበረው በርናርድ ሪምላንድ ደግሞ ቀደም ብሎ፣ በ1964፣ ነገሩ ከአስተዳደግ ሳይሆን ከተፈጥሮ መሆኑን ጽፏል። ዛሬ ሳይንሱ የቤተልሃይምን ሐሳብ ጥሎታል። የታክሲው ዳኛ ግን አልጣለውም።

በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ትምህርት ቤቶች ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ሲመልሱባቸው አልቅሰው አልቀሩም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ። በ2021 አረፉ። እኛስ? መጋቢት 24፣ በኦቲዝም ቀን፣ ሰማያዊ ለብሰን ፎቶ ተነስተን በማግስቱ ታክሲ ውስጥ እናት እንሳደባለን።

ደግሞ ይህ የከተማችን ጩኸት! የጫማ ሱቁ ስፒከሩን በር ላይ ደቅኖ ያንባርቃል፤ ታክሲው ያንባርቃል፤ ሠርግም ለቅሶም በማይክሮፎን ሆነ። ጤነኛውን ጆሮ ያደነቁራል፤ ያን ልጅማ ምን ያድርገው? ሾፌር ሆይ፣ ስፒከሩን ቀንስ! ተሳፋሪ ሆይ፣ አፍህን ያዝ! እግዚአብሔርን እንፈራለን እንላለን፤ ልጅ ታቅፋ የምታለቅስ ሴት ፊት ግን አናፍርም።

ያቺ እናት ስታዲየም ሳትደርስ ወረደች። ሂሳቧን እስከ ሜክሲኮ ከፍላ ነበር።